ዘራፍ የሚል ጊታር



ወደ ራቤልና ግሼ የመጣሁት ስለ ሜታልኮር ላወራችሁ ነው። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ፈገግ ሲሉ አያለሁ፤ በስልካቸው የሚሰሙት ነገር ነው። ከፊት ያላችሁ አባቶች ደግሞ «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት በሽታ ይሆን?» የምትሉ ትመስላላችሁ። ታገሡኝ፤ ነገሩ ወደ እናንተ መምጣቱ አይቀርም። እንዲያውም እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሜታልኮርን ነገር አጥብቃችሁ የምታውቁት የፊተኞቹ ናችሁ ብዬ ነው የምከራከረው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ አልበሞቹ የሚታወቁት በዚያ ቁጥር ስለሆነ ነው።

ሜታልኮር የሮክ ዘር ነው። በአንድ ወገን ሃርድኮር ፓንክ አለ፦ አጭር፣ ፈጣን፣ ንዴቱን የማይሸፋፍን፣ የሠፈር ልጆች ጊታር በቅጡ ሳይለምዱ መድረክ የሚወጡበት ሙዚቃ። በሌላ ወገን ሜታል አለ፦ ጊታሩ ወደ ታች ተቃኝቶ የሚያጓራ፣ ከበሮው በሁለት እግር የሚረገጥ፣ ለዓመታት ልምምድ የሚጠይቅ ሙዚቃ። ሁለቱ በተለይ በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ተዋሐዱና ይህን ስም አገኙ። የማሳቹሴትሱ ኮንቨርጅ በ2001 ያወጣው «ጄን ዶ» የዚያን ዘመን ጠባይ ያሳያል፤ ጩኸት በጩኸት ላይ ነው፤ ጨክኖ መስማት ይጠይቃል።

ዜማው በደንብ የገባው ከዚያ ወዲህ ነው። ኪልስዊች ኢንጌጅ የሚባል፣ እሱም ከዚያው ከማሳቹሴትስ የወጣ ቡድን፣ በ2002 እና በ2004 ባወጣቸው ሁለት አልበሞች አንድ ብልሃት አጸና፦ ስንኙ ላይ ይጮኻል፣ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ይዘፍናል። ያውም ሕዝብ አብሮ የሚቀበለው፣ ሬዲዮ የማያፍርበት ዘፈን። ብልሃቱ ስለሠራ ሁሉም ቀዳው፤ ስለተቀዳም ሰለቸ። በየአልበሙ «አሁን ይጮኻል፣ አሁን ይዘፍናል» ብሎ ቀድሞ መናገር ተቻለ።

ከዚህ ድካም ያወጣው የእንግሊዞቹ የብሪንግ ሚ ዘ ሆራይዘን መንገድ ነው ባይ ነኝ። እነዚህ የሼፊልድ ልጆች በ2006 የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲያወጡ ዘፈን የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ ማጓራት ብቻ። በ2013 «ሰምፒተርናል»ን ሲያወጡ ግን ጆርዳን ፊሽ የሚባል የኪቦርድ ሰው ገብቶላቸው ነበር። እሱ ዜማውን አዝማቹ ላይ ብቻ አላስቀመጠውም፤ ከጩኸቱ ሥር አነጠፈው። ጩኸቱ ይወጣል፣ ከሥሩ ለስለስ ያለ የኪቦርድ ድምፅ ይሄዳል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ናቸው። በ2019 «አሞ» የሚለው አልበማቸው በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። የጥንት ወዳጆቻቸው ግን «ፖፕ ሆኑ» ብለው አኮረፉ። እኔም በከፊል ካኮረፉት ጋር ነኝ። በ«ሰምፒተርናል» ውስጥ ጣፋጩና ከባዱ እኩል ይታገላሉ፤ በ«አሞ» ውስጥ ግን ከባዱ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኗል።

ለመሆኑ ከባድ ማለት ምንድን ነው? ድምፅ ማጉያውን ከፍ ማድረግ ከሆነ ወፍጮ ቤት ከሁሉም ይከብዳል። ሙዚቃ የሚከብደው ከጎኑ ባለው ነገር ነው። ሜታልኮር ውስጥ ብሬክዳውን የሚሉት ቦታ አለ፤ ሁሉም መሣሪያ ድንገት ፍጥነቱን ይጥላል፣ ጊታሩና የእግር ከበሮው በአንድ ላይ ወፍራሙን ድምፅ ቆጥበው ይመታሉ፣ ሕዝቡ ይዘላል። ያ ምት ከብዶ የሚሰማው ቀድሞት ያለፈው ዜማ ቀላል ስለነበር ነው። ዜማውም የሚጣፍጠው ከጩኸት በኋላ ስለመጣ ነው። አንዱን ብታነሡት ሌላው ይሞታል።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

ሰርግ ላይ ወይም ደቦ ላይ፣ ጀግና በሞተበት ቤትም፣ አንድ ሰው ያቅራራል። ምት የለውም፤ ከበሮ አይጠብቅም፤ ድምፁን ከላይ አንሥቶ እያወዛወዘ፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ስቦ ቀስ ብሎ ያወርደዋል። ቀረርቶ ዜማ ነው፤ ያውም ሆድ የሚያባባ ዜማ። የሰማው ሁሉ ደሙ ይሞቃል። ከዚያ መካከል አንዱ «ዘራፍ!» ብሎ ይነሣል። ዜማው ይቋረጣል። ቃሉ በፍጥነት ይዘንባል፣ ጉሮሮው ይሻክራል፣ ዱላው ይነቀነቃል፣ እግሩ መሬት ይመታል። ፉከራው ሲያልቅ ቀረርቶው ወይም ሽለላው ካቆመበት ይቀጥላል። አንድ ጨዋታ ነው፣ ሁለት ጉሮሮ። ኪልስዊች ኢንጌጅ በ2002 አገኘው የተባለው ብልሃት ይኸው ነው። ማንም ከማንም አልቀዳም፤ የሰው ልጅ ጀግንነቱንና ሐዘኑን በአንድ ቦታ ማውጣት ሲፈልግ የሚደርስበት መንገድ ስለሆነ ነው የምለው።

ይህን ነገር ወደ ዘመናዊ መሣሪያ ያመጣው ሰው ደግሞ የጎረቤታችሁ ልጅ ነው። ጌታቸው መኩሪያ በ1935 ይፋት ተወለደ፤ ከመንዝ አፋፍ ቁልቁል ከምታዩት አገር። በክራርና በመሰንቆ ጀምሮ ወደ ሳክስፎንና ክላርኔት ዞረ። ገና በጉርምስናው ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፣ ከዚያ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያ ወደ ፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ። በእነዚህ ቤቶች የሚጫወተው ሙዚቃ በኖታ የተጻፈ፣ ሰልፍ የያዘ ነበር። እሱ ግን ሳክስፎኑን ይዞ ሸለለበት። ነሐሱን እንደ ጉሮሮ አሻከረው፣ አወዛወዘው፣ ፎከረበት። አንበሳ ጎፈር ደፍቶ መድረክ ይወጣ ነበር፤ የቀልድ አልባሳት አይደለም፣ ለሚጫወተው ነገር የሚገባው ልብስ እሱ ስለሆነ ነው። በ1972 የወጣውን አልበሙን ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ ሥራው ውስጥ 14ኛ ቅጽ አድርጎ ለዓለም ሲያሰማ፣ የውጭ ጃዝ አዋቂዎች ተደናገጡ፤ አሜሪካ ውስጥ ፍሪ ጃዝ ብለው አዲስ ነገር ያሉትን የሚመስል ድምፅ ከማያውቁት አገር ሰሙ። ለእነሱ ሙከራ ነበር፤ ለጌታቸው ሽለላ ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ስለ ሳክስፎን ብቻ ባወራሁ ነበር። ግን በ2004 ዘ ኤክስ የተባሉ የሆላንድ ፓንኮች የተመሠረቱበትን 25ኛ ዓመት ሲያከብሩ ሽማግሌውን ወደ አምስተርዳም ጋበዙት። እነዚህ ሰዎች በሁለት ጊታር የሚቧጥጡ፣ የሚደበድቡ፣ ውበት ለማሳየት የማይሞክሩ ናቸው። ጌታቸው አያቸው፣ ሰማቸው፣ እነሱን ነው የምፈልገው አለ። ሰባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ የይፋት ሰው ከመላው ዓለም አጃቢ መምረጥ ቢችል ፓንክ መረጠ! በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የሚለው አልበም ወጣ፤ በ2012 ሁለተኛ ሥራ ተከተለው። ጌታቸው በሚያዝያ 2016 አዲስ አበባ አረፈ።

«ሞዓ አንበሳ»ን ስትሰሙ የምትገረሙበት አንድ ነገር አለ። ጊታሮቹ ሻካራ ናቸው፣ ከበሮው ይገፋል፣ ከላይ ግን ሳክስፎኑ ያለ አንዳች ችኮላ ያቅራራል። ፓንኮቹ የኢትዮጵያን ዜማ ለማስመሰል አልደከሙም፤ ጌታቸውም ሮክ ለመምሰል አልሞከረም። እያንዳንዱ በራሱ ቁጣ ቆሞ ነው የተገናኙት። እኔ ሜታልኮር ነው አልልም፤ አይደለምም። ግን ከባድ ጊታርና የሸዋ ቀረርቶ በአንድ አልበም ውስጥ ሲገናኙ እንደዚህ ያማረ ሌላ ቦታ አልሰማሁም።

የቀረው ፖፑ ነበር። ማለትም አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በታክሲ ውስጥ ሰምቶ የሚያንጎራጉረው አዝማች። ይህን የሞከረው ጃኖ ባንድ ነው።

ጃኖዎች በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጡ የኢትዮጵያ ዘፈን አንድ ዘፋኝና አንድ ኪቦርድ ከሆነ ሰንብቶ ነበር። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የምሽት ቤቶቹን ገደለ፣ ትልልቆቹ ባንዶች ተመናመኑ፣ ነሐሱን ኪቦርድ ተካው። በዚያ መካከል አሥር ያህል ወጣቶች ኤሌክትሪክ ጊታር ይዘው፣ አራት ዘፋኝ አሰልፈው፣ «ሮክ ነን» ብለው ወጡ፦ ዲበኩሉ ታፈሰና ኃይሉ አመርጋ፣ ሃሌሉያ ተክለጻድቅና ሔዋን ገብረወልድ። ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ሚካኤል ኃይሉ ጊታሩን ያዘ። ስማቸውን ከመኳንንቱ ልብስ፣ የአልበማቸውን ስም ከአፋሩ እሳተ ገሞራ ወሰዱ።

የዚህ አልበም አዘጋጅ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ይህን ሰው ልብ በሉልኝ። በ1986 የሞተርሄድን «ኦርጋዝማትሮን» ያዘጋጀ እሱ ነው፤ ሞተርሄድ ማለት ሜታሉም ፓንኩም «የእኔ ነው» እያሉ የሚሻሙበት ቡድን ነው። በ1991 ደግሞ ፔይንኪለር በሚባል ቡድን ውስጥ፣ ከናፓልም ዴዝ ከመጣ ከበሮ መቺ ጋር ሆኖ፣ ቤዝ ጊታር እየመታ ጆሮ የሚያደማ ነገር ሠርቷል። ይኸው ሰው በ2001 የጂጂን፣ የእጅጋየሁ ሽባባውን፣ አልበም አዘጋጀ፤ የቻግኒዋን ልጅ ድምፅ ምንም ሳይነካባት፣ ከሥሩ ግን ጥልቅ የሆነ ቤዝ አነጠፈላት። እንግዲህ በአንድ እጁ ሞተርሄድን፣ በሌላው ጂጂን የያዘ ሰው ነው ጃኖዎችን ስቱዲዮ ያስገባቸው። ከባዱንና ጣፋጩን ለማጋጠም ከዚህ የተሻለ ሽማግሌ ከየት ይመጣል?

ውጤቱስ? «ኤርታሌ» ትልቅ ሥራ ነው፤ አሁንም እሰማዋለሁ። አራቱ ድምፆች ተቀባብለው ሲገቡ፣ ጊታሩ የአገራችንን ቅኝት ይዞ ሲሮጥ ደስ ይላል። ሆኖም ስሙን የሰጠው ተራራ የሚፈላውን ያህል አይፈላም። ጊታሩ ይጮኻል፣ ጉሮሮ ግን አይጮኽም። አራት ዘፋኝ አለ፤ አንድም «ዘራፍ!» የሚል የለም። ሁሉም ያምራሉ፣ ሁሉም ያዜማሉ፣ ከባዱ ነገር ሁሉ ለመሣሪያው ተትቷል። ስለዚህ ብሬክዳውን ሊመጣ ነው ብላችሁ ጥርሳችሁን ስትነክሱ ሌላ ቆንጆ አዝማች ይመጣል። በኋላ ባወጡት «ለራስህ ነው» በሚለው አልበምም ይኸው ጨዋነት አለ። ገበያው ያስፈራቸው ይመስለኛል፤ አልፈርድባቸውም። በ2012 አዲስ አበባ ላይ እየጮኹ አልበም መሸጥ ቀላል አልነበረም።

እንግዲህ አንዱ አልበም ሽለላውንና ሻካራውን ይዞ አዝማች አጣ፤ ሌላው አዝማቹን ይዞ ፉከራውን ፈራ። እኔ እስከማውቀው ሁለቱን የሚያጋጥም የአማርኛ አልበም ገና አልተሠራም። ዛሬ የምላችሁ ዋና ነገር ይህ ነው፤ እቃው ደግሞ ያለው እዚህ ነው።

«የራስን ጩኸት ወደ ሜታል ማምጣት ይቻላል ወይ?» ለሚል፣ ሌሎች አድርገውታል። የሞንጎሊያው ዘ ሁ በ2019 ባወጣው «ዘ ገሬግ» በአገሩ ባለ ፈረስ ራስ መሰንቆና በጉሮሮ ዜማ ሜታል ሠርቶ ዓለምን ዞረ። የኒውዚላንዱ ኤሊየን ዌፐንሪ በ2018 «ቱ»ን ሲያወጣ በማኦሪ ቋንቋ፣ በሃካ መንፈስ ጮኸ። ሃካ ማለት የእነሱ ፉከራ ነው፤ ምላስ ያወጣሉ፣ ጭን ይመታሉ። ቦትስዋና ውስጥ እንኳ ከእግር እስከ ራሳቸው ጥቁር ቆዳ ለብሰው ሜታል የሚጫወቱ ቡድኖች አሉ። እኛ ሽለላ ይዘን ቁጭ ብለናል።

ጊታር ያላችሁ ልጆች አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ከዶ ተነሥታችሁ አንቺ ሆዬን ምቱ፦ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ። ከዶ እስከ ሶል ቤሞል ያለው ርቀት ሦስት ሙሉ ቃና ነው። የበርሚንግሃሙ ብላክ ሳባዝ በ1970 በራሱ ስም የጠራውን ዘፈን ያቆመው በዚሁ ርቀት ላይ ነው፤ ሜታል የተጀመረው በዚያ ዘፈን ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ፈረንጅ ጆሮ ሲሰማው ይደነግጣል። እኛ ሰርግ ቤት እናጨበጭብበታለን። የዚያ ቡድን ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆርጦበት ነበር፤ በኋላ ክሩ እንዲላላለት ጊታሩን ወደ ታች መቃኘት ያዘ፤ ያ ድምፅ የሜታል ሁሉ መሠረት ሆኖ ቀረ።

ሻካራነቱስ? የጊታር ድምፅ የሚሻክረው ማጉያው ከአቅሙ በላይ ሲገፋና የድምፁ ሞገድ ጫፉ ሲቆረጥ ነው። መብራት ከመፈጠሩ በፊት የበገና ሠሪዎቻችን ይህን በቆዳ ሠርተውታል። በገናው ላይ በክሩና ክሩ በሚያርፍበት እንጨት መካከል እንዚራ የምትባል የቆዳ ቁራጭ ትገባለች፤ ክሩ ሲነካ እሷን እየደበደበ ይንዘረዘራል። እንዚራዋን ብታወጧት በገናው ይጠራል፤ በገናነቱ ግን ይጠፋል። በዐቢይ ጾም ስትሰሙ የምትመሰጡበት ያ መንዘርዘር ነው። በነገራችን ላይ ካህናቱ ካሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በገናን ከሜታል ጋር እኩል ላስቀምጥ አይደለም፤ ስለ ድምፁ አሠራር ብቻ ነው የማወራው።

አንድ ከባድ ጥያቄ ግን አለ፤ ከፊት የተቀመጡ አባት ፊታቸው ላይ ስላየሁት ልመልሰው። ፉከራ የጦር ነገር ነው። የገደለ የሚናገረው፣ ጠላት የሚፈልግ ቃል ነው። ልጆቻችን በዚህ ዘመን፣ ይህ ሁሉ ደም ባለበት አገር፣ ጊታር ይዘው ይፎክሩ ማለት ምን ማለት ነው?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሜታልኮር ልጆች ግን ጠላታቸውን ከውጭ አያመጡም። የብሪንግ ሚ ዘ ሆራይዘኑ ኦሊ ሳይክስ የኬታሚን ሱሰኛ እንደነበረ፣ «ሰምፒተርናል»ም ከዚያ ትግል እንደወጣ በይፋ ተናግሯል። የሚጮኸው በራሱ ላይ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ከመሰላችሁ ለቅሶ ቤት አስታውሱ። ሙሾ አውራጇ ትነሣለች። ሟቹን በስሙ ጠርታ በዜማ ታወርዳለች፣ ግጥሟ ልቅም ያለ ነው። ድንገት ዜማው ይሰነጠቃል፤ ዋይታ ይሆናል፣ ደረት ይመታል፣ ተቀባዩ ሁሉ ይጮኻል። ከዚያ ተመልሳ ታዜማለች። ጠላት የለም፤ ሐዘን ብቻ ነው ያለው። ስፒሪትቦክስ የሚባለው የካናዳ ቡድን ዘፋኝ ኮርትኒ ላፕላንት በ2021 በወጣው «ኢተርናል ብሉ» ውስጥ በአንድ ጉሮሮ ስታዜምና ስታጓራ ዓለም «እንዴት ያለች ሴት ናት!» ብሎ ተደነቀ። እኔም አደንቃታለሁ። ግን የእኛን ሙሾ አውራጆች የሰማ ሰው በአንዲት ሴት ጉሮሮ ውስጥ ሁለቱ ድምፅ መኖሩ አይደንቀውም። ስለዚህ ያ ያልተሠራው አልበም ሲሠራ ከፉከራ ይልቅ ከሙሾ ቢነሣ እኔ እመርጣለሁ።

ለሚጮኹት ልጆች አንድ የጤና ምክር ልጨምር። ጉሮሮን ቧጥጦ መጮኽ በአንድ ምሽት ድምፅ ይዘጋል። ኒውዮርክ ውስጥ ሜሊሳ ክሮስ የምትባል መምህርት ለሜታል ዘፋኞች ይህን ስታስተምር ኖራለች፤ ትንፋሽ ከሆድ ይወጣል፣ ሻካራው ድምፅ የሚሠራው ከዋናዎቹ የድምፅ ጅማቶች በላይ ባሉት እጥፋቶች ነው፣ ጉሮሮ አይጨነቅም። ኒውዮርክ ለመሄድ ግን ገንዘብ አታባክኑ። እዚህ ከፊት ከተቀመጡት ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ፎክረው ጠዋት በደህና ድምፅ በሬያቸውን ጠርተው የሚያርሱ አሉ። ሄዳችሁ እነሱን ጠይቋቸው፤ ሲያቅራሩም በስልካችሁ ቅረጹ። በስቱዲዮ ማጀቢያ ሳይሆን እንዳለ፣ ከነሳሉ፣ ከነውሻው ጩኸት። ያንን የቀረጻችሁትን ለጊታሪስት ስጡት፤ እሱ ከሥሩ ይግባበት። ጌታቸውና ዘ ኤክስ ያደረጉት እንዲህ ነው፤ ቀረርቶው አልተቆረጠም፣ ጊታሩ ነው ቦታ የፈለገው።

ወሬዬን እዚህ ላይ ልቁረጥና ወደ መስማቱ እንሂድ። ድምፅ ማጉያው ዝግጁ ነው ብለውኛል። በመጀመሪያ ከ«ሞዓ አንበሳ» አንድ ሙሉ፣ ቀጥሎ ከ«ኤርታሌ» አንድ፣ ከዚያ «ሰምፒተርናል» ስለሚያስደነግጥ ድምፁን ትንሽ ቀንሼ አሰማችኋለሁ። ሦስቱ ካለቁ በኋላ ማጉያው ይጠፋል፤ ከፊት ካላችሁት ማን እንደሚያቅራራ፣ ማንስ ዘራፍ እንደሚል ከአሁኑ ተመካከሩ።